የግብርና ክበብ ዘገባ፦ እንቁላል በሚዛን

ዘንድሮ የግብርና ክበባችን ጎመንና ሰላጣም አምርቷል። የልጆቹ ልብ ግን ያረፈው ቤተ ሙከራው ጥግ በተቀመጠችው አነስተኛ የጫጩት ማስፈልፈያ ላይ ነበር። የኔም እንደዛው።

ሙቀቱ አላስቸገረንም። ማራገቢያ ያለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ላይ ከተስተካከለ ራሱ ይጠብቃል። ፈተናው እርጥበት ነው። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ከንፈራችን ያውቀዋል። የ8ኛ ክፍል አባላት አስልተው ያሳዩን ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ውሃው የትም አልሄደም። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ መሸከም ስለሚችል ነው የደረቀው።

ከፍታም አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ የተለመደውን ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት መነሻ አደረግነው እንጂ አላመለክነውም።

ዳኛችን ሚዛን ነበር። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 ወይም 13 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። 55 ግራም ሆኖ የገባው 48 ግራም አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ልጆቹ እየመዘኑ በግራፍ ወረቀት ላይ ያሰምሩ ነበር። መስመሩ ቶሎ ከወረደ ውሃ ይጨመራል፤ ከዘገየ ይቀነሳል። የወጣውን ውሃ ቦታ አየር ይይዘዋል። ጫጩቷ መጀመሪያ የምትተነፍሰው ከዚያ የአየር ኪስ ነው። እርጥበት ከበዛ ኪሱ ይጠብባታል። ካነሰ ደግሞ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ደርቆ ይጣበቅባታል።

ውሃ መጨመር ሲባል ጥልቅ ዕቃ መሙላት አይደለም። እርጥበቱን የሚወስነው የውሃው ገጽ ስፋት ነው። ዝርግ ሳህን ወይም እርጥብ ስፖንጅ ይሻላል። የእርጥበት መለኪያውንም በጨው ፈትነነዋል። በትንሽ ውሃ የራሰ የገበታ ጨው ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ንባቡ 75 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ልዩነቱን መዝግቦ ማስላት ነው።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላል ማገላበጥ ቆመ፤ እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ አለ፤ ክዳኑ ተዘጋ። ለትንንሾቹ ይሄ በጣም ከባድ ነበር። ድምፅ ይሰማል፣ ቅርፊት ይሰነጠቃል፣ «ቲቸር፣ ትንሽ ብንረዳትስ?» ይላሉ። አንረዳም። ክዳኑ ሲከፈት እርጥቡ አየር ወዲያው ያመልጣል፤ ቀዳዳ የጀመረችው ጫጩት ሽፋን ይደርቃል። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስክትወጣ አንድ ቀን ሊፈጅባት ይችላል። ከወጣችም በኋላ ሆዷ ውስጥ የቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ ስለሚያቆያት፣ ላባዋ እስኪደርቅ እዚያው ትቆያለች። የ5ኛ ክፍል ልጆች እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ሲጠብቁ ማየት በጣም አኩርቶኛል።

የተፈለፈሉትን ግቢ ያላቸው ወላጆች ተረክበዋል፤ እናመሰግናለን።

ለመጪው ዓመት እንቁላል ልታመጡልን የምታስቡ ወላጆች፣ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ይሁን፣ ከተጣለ ሳምንት አይለፈው፣ አይታጠብ። ማጠብ ተፈጥሯዊ መከላከያውን ያነሳበታል። የእንቁላሉ ሹል ጫፍ ወደታች ሆኖ ይቀመጥ። አንድ ግራም የሚለይ ተጨማሪ ሚዛን ያለው ቤተሰብ ካለ በመስከረም ያነጋግረን።