አጠፋው እንጂ አላረመውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት አርቲስት ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «ዘፋኝ ይዝፈን፣ ፖለቲካውን ለባለቤቱ ይተው» ባይ ናቸው። ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ደንበኞች ተጨቃጨቁበት። አንዱ «እውነታቸውን ነው» አለ። ሌላው «ታዲያ ማን ይናገርልን?» አለ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ካሴት ቤት ነበረኝ። ካሴቱ ሲሞት ሲዲ ሸጥኩ። ሲዲው ሲሞት ሜሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ያዝኩ። እሱም ሲቀዘቅዝ ስልክ ጥገና ገባሁ። ቤቱም ባንኮኒውም ያው ነው፣ ተቀያያሪው ላዩ ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ነው። አሁን የሚመጣልኝ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ከስንጥቁ ሥር ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይቭ ገብቶ ያወራል።

የድሮውን የካሴት ሽፋን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስልኩ ሳይቀር ይጻፍበት ነበር። ቴፑ ከተበላ ደንበኛው እኔ ላይ ይጮሃል፣ እኔ አከፋፋዩ ላይ እጮሃለሁ። ነገሩ ባለቤት ነበረው።

ከካሴትም በፊት ቢሆን እንዲሁ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ደንበኛው «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ እየደገመ ያወርደዋል። የዛሬው ሼር ማለት እኮ ይኸው ነው፤ የሰው ግጥም ተቀብሎ በራስ ድምፅ ማሰማት። ልዩነቱ፣ እዚያ ቤት ግጥም ሰጪው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጥፍ ሁላችንም እናያለን። ወርቁ የገባው፣ የተነካውም ሰው ወይ ይስቃል ወይ በግጥም ይመልሳል። ቲክቶክ ላይ ግን ግጥሙን ማን እንደሰጠ፣ ብሩን ማን እንደለጠፈ በምን እናውቃለን?

አዝማሪ ከፖለቲካ ውጭ ነበር የሚል ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልከት። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያስለቀመ ሲያስገድል፣ ሕዝቡን ያነሳሱብኛል ብሎ ነው። ማሲንቆ ያን ያህል ያስፈራ ነበር። ስለዚህ አርቲስቶቻችን ይናገሩ። ችግሬ ከመናገራቸው አይደለም።

ችግሬ ምን እንደሆነ በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ሰውዬውን ስም አልጠራም፣ የታወቀ ኮሜዲያን ነው፣ ተከታዩም በመቶ ሺዎች ነው። አንድ ቀን ወደ ሰባት ሰዓት ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ፎቶ ለጥፎ «ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄድ፣ ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ በዚያ መስመር ሾፌር ነው። ሚስቱ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ሱቄ ገባች። መልኳ አመድ መስሏል። ነጠላዋን የት እንደጣለችው አታውቅም። «የእሱ መኪና ነው» ትላለች። ነጭ ሚኒባስ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ምን ልበላት? ደወልን፣ ስልኩ ዝግ ነው። ደግመን ደወልን፣ ዝግ ነው።

የስልክ ሰው ስለሆንኩ ፎቶውን ማስፋት ጀመርኩ። ታርጋው አይነበብም። በተሰበረው መስታወት በኩል ግን መሪው ይታያል። መሪው በቀኝ በኩል ነው! የኛ አገር መኪና አልነበረም። ይህን ሳሳያት ግማሹን አመነችኝ፣ ግማሹን አላመነችኝም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለ። ወረታ ምሳ እየበላ ነበር። ባትሪው አልቆበት ነው።

ማታ ገጹን ከፍቼ ባይ ፎቶው የለም። ይቅርታ የለም፣ ተሳስቼ ነው የለም፣ ምንም የለም። በማግሥቱ የሚያስቅ ቪዲዮ ለቀቀ፣ ሰዉም ሳቀ። ልጥፉን አጠፋው እንጂ አላረመውም። ፎቶውን ያየው ሰው ስንት ነው? መጥፋቱን ያየውስ? የወንድሜ ሚስት እስካሁን እሱ ስልክ ካላነሳ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ትደውላለች።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን ገጽ ከብሮድካስትና ከጋዜጣ ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀምጠዋል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ረድፉን ወድጄዋለሁ፣ መቶ ሺህ ሰው የሚያየው ገጽ ጋዜጣ ነው። እስሩን ግን አልወደድኩትም። ሰው ታስሮ ወሬ ሲታረም አላየሁም። ደግሞ የተቆጣ ሹም እጅ ሲገባ ውሸታሙን ትቶ እውነት የተናገረውን ይይዝበታል ብዬ እፈራለሁ። ኢንተርኔት መዝጋትም መድኃኒት እንዳልሆነ አይተናል። ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ ሲዘጋብን እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ ተመለስኩ፣ ከአዲስ አበባ በፍላሽ የሚመጣ ቪዲዮ መጫን። ወሬው አልቀረም። ሁለት ሳምንት አርጅቶ ይመጣል እንጂ። ማስተባበያው ግን በፍላሽም አልመጣም።

እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የተሳሳተ ሰው ወሬውን በለጠፈበት ገጽ፣ በዚያው መጠን፣ «ተሳስቼ ነበር» ይበል። ከፍለውት የተናገረ ደግሞ «ተከፍሎኛል» ይበል። ባለፈው አንድ ልጅ ስልኩን ሊሸጥልኝ መጣ። ለምን እንደሚሸጠው ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ስልኩን ከፍቼ ሳይ የውርርድ አፕ ነው፣ ላዩ ላይ የምናከብረው ተዋናይ ፈገግ ብሏል። ገንዘብ መቀበሉ ኃጢአት ነው አልልም። ሁሉም እንጀራ ይበላል። ግን ለልጁ እንደ ታላቅ ወንድም ምክር ነው የመሰለው።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። አርቲስቱ ዝም ካለ «ከሃዲ» ነው፣ ከተናገረ «ተከፋይ» ነው። መድረክ ላይ ከባለሥልጣን ጋር ከታየ አለቀለት። ዝም የማለት መብትም አለው እኮ።

ጥሩ ሲሠሩም አይቻለሁ። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ገደማ ሲታይ ከገበሬውና ከባለሙያው ሌላ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ፣ በ2010 አካባቢ፣ አርቲስቶች እየመጡ ነቀሉ። እኔም ከከተማው ልጆች ጋር በፎገራ በኩል ሄጄ ነበር። አንዲት ዘፋኝ አዲስ ቦቲ አድርጋ ገባች። ሥሩ ጥቁር ጢም ይመስላል፣ ጭቃ ያንጠባጥባል። ካሜራው ተሰበሰበ። አጠገቧ አንድ አዛውንት እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። የተቆረጠውን ወደ ውሃው ስትወረውር «ልጄ፣ እሱ እኮ እንደገና ይበቅላል፣ ወደ ዳር አውጪው» አሏት። ሰማቻቸው፣ አወጣችው። እስኪመሽም ሠራች፣ እውነቱን ልናገር። አዲስ አበባ ያለው ሰው እምቦጭ የሚለውን ቃል የለመደው በነሱ ነው። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ግን ይህ አረም ከተመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። ፎቶው ደግሞ አንድ ቀን ነው የተነሳው። አዛውንቱ በማግሥቱም ውሃው ውስጥ ናቸው። ስለሺ ደምሴን፣ ጋሽ አበራ ሞላ የምንለውን፣ እስከ ዛሬ የምናነሳው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ልጆችን አስተባብሮ የቆሻሻ መጣያውን አትክልት ሲያደርግ፣ በአንድ ቀን ፎቶ አልጨረሰውም። ያቺ ዘፋኝ በየዓመቱ አንዴ ብቻ ብትመለስና ከዚያው ቦታ አንድ ፎቶ ብታሳየን፣ አረሙ ቀነሰ ወይስ ጨመረ የሚለውን ከሪፖርት ይልቅ ከሷ በሰማን ነበር።

አንድ ነገር ለናንተም አለኝ፣ አትቀየሙኝ። «አርቲስት እገሌ በፌስቡክ ገጹ እንዳስታወቀው» ብላችሁ የምታወጡት ዜና በዝቷል። አንድ ስልክ ደውሎ ማጣራት ምን ያህል ይከብዳል? እሱ ልጥፉን ያጠፋዋል፣ የናንተ ወረቀት ግን እኔ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፎ ይከርማል። እርማት ስታወጡም ከኮከብ ቆጠራ አምድ በታች፣ በጉንዳን ፊደል ነው። መነጽር አድርጌ እንኳ ፈልጌ ነው የማገኘው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ገጽ 4 ላይ አዲሱን የዓባይ ድልድይ 308 ሜትር ብላችሁታል። 380 ነው። በትልቁ አርሙልን።

የቀድሞ ካሴት ቤት ባለቤት
ከባሕር ዳር