ያነበብኳት ወረቀት

ጎንደር

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህስ? ልጅቷስ አደገች? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደኅንነታችሁን መጠየቄ ያሳፍረኛል። አዘዞ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም። ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው።

ያቺ እሑድ ከዓይኔ አልጠፋችም። ለአራት የተጣጠፈችውን ወረቀት ያነበብኳት እኔ ነኝ። "ከአገልግሎትና ከጌታ እራት ለጊዜው የታገዱ መሆናቸውን እናሳውቃለን" ስል አንተ ኪቦርዱ ጋ ቆመህ ነበር። ገመዱን ነቀልህ፣ ቀስ ብለህ ጠቀለልህ፣ ቦታው አስቀመጥህና እጮኛህን ይዘህ ወጣህ። ያ የተጠቀለለ ገመድ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከሠርጉ በፊት ማርገዟ ጥፋት አልነበረም አልልህም። ተግሣጽ ይቅር የምልም አይደለሁም፤ ምእመናንን የሚጎዳ አገልጋይ በዝምታ ሲታለፍ የሚመጣውን አይቻለሁ። ግን ማቴዎስ 18 መጀመሪያ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር ይላል፤ ጉዳዩ ለጉባኤ የሚነገረው እነዚህን ላልሰማ ነው። እናንተ ደግሞ ማንም ሳይጠራችሁ መጥታችሁ፣ አልቅሳችሁ የነገራችሁን ናችሁ። ታዲያ ያልሰማው ማን ነበር? በዚያው ዓመት ገንዘብ ያለው ሰው ሲያጠፋ በጓዳ ተመክሮ አለፈ። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሰሞኑን አያቴ ትዝ ትለኛለች። የንስሐ አባቷ ቀኖና ሲሰጧት ጾሙም ስግደቱም በቁጥር ነበር፤ ስትጨርስ ትቆርባለች፣ ከቤተሰቡ ማንም ምን እንዳጠፋች አያውቅም። የኒቅያ ጉባኤ እንኳ እ.ኤ.አ. በ325 ሳይገደዱ እምነታቸውን የካዱትን ሲቀጣ 3 ዓመት ንባብና ስብከት ብቻ ከሚሰሙት ንስሐ ገቢዎች ጋር፣ 7 ዓመት ወድቀው ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ሳይቆርቡ በጸሎት ብሎ ወስኗል። ከባድ ነው፤ ግን ማለቂያ አለው። የእኛ "ለጊዜው" ማለቂያ አልነበረውም፤ ቀኑን የቆጠረ፣ ቤትህን ያንኳኳ ሽማግሌ አልተገኘም። ጎንደርን ደግሞ ታውቃታለህ። ጌታን ስትቀበል ቤተሰብህ ፊት ነሥቶሃል፤ ወደ ሌላ ኅብረት ልሂድ ብትል መሸኛ አምጣ ትባላለህ። ወዴት ትሄዳለህ ብሎ የጠየቀህ አንድም ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁህም።

ሽማግሌዎቹ አሁን እገዳው ይነሣ ብለዋል። እሑድ የሚነበበው ወረቀት እኔ ጋ ነው። አንተ ፈቅደህ አንብበው ካላልኸኝ ግን አላነበውም። ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ እመጣለሁ፣ ብቻዬን። የበደልኩህ እኔ ነኝና ውቀሰኝ።

ወንድምህ