ካሜራሽን ከፊትሽ ላይ አውርጂው

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሜሮን፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እትዬ አልማዝስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ሳንጻጻፍ ቆየን፤ ናፍቆትሽ ግን አልቀነሰም። መልእክትሽ ደርሶኝ ከዳር እስከ ዳር ስለ ፎቶ መሆኑን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እህትሽ ከጀርመን ስትመጣ አንግል ፋይንደር ታምጣልሽ ወይስ ካሜራው ላይ የሚሰካ ትንሽ ሞኒተር፣ እሱን ነው የጠየቅሽኝ። የፈለግሽውም ለሁለት ነገር ነው፤ ፒያሳ ላይ ሰዎችን ሳይዘጋጁ ለማንሳት፣ ከዚያም ድሮ ቤታችሁ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመሽ ራስሽን ለማንሳት። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሁለቱንም አታስመጪ። አንዱ ሥራ የሚፈልገውን ሌላው አይፈልገውም፣ አንድ ዕቃ ሁለቱን አይሠራልሽም።

አንግል ፋይንደር ማለት ቪውፋይንደሩ፣ ማለትም ዓይን የሚደቀንበት ቀዳዳ ላይ የሚገጠም የታጠፈ ቱቦ ነው፤ ካሜራው ዝቅ ብሎ ሳለ ከላይ ሆነሽ ቁልቁል እንድታዪ ያደርጋል። የካኖኑ፣ አንግል ፋይንደር ሲ የሚባለው፣ 1.25 እና 2.5 እጥፍ ያጎላል። እስክሪኑ የማይንቀሳቀስ ካሜራ ለያዘና መሬት ላይ ያለ አበባ ለሚያነሳ ሰው ዛሬም እመክረዋለሁ። ያንቺ ካሜራ፣ ካኖን 800ዲ፣ ግን እስክሪኑ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ወደ ላይም ወደ ፊትም ይዞራል፣ በጣት ሲነኩትም ያነሳል። መንገድ ላይ ዓይንሽን ቱቦው ላይ እስክታሳርፊ የፈለግሽው ሰው አልፎ ሄዷል።

ይህን የመሰለ መመልከቻ ለመንገድ ፎቶ የተጠቀሙበት ታላላቅ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። ሄለን ሌቪት በኒው ዮርክ ሰፈሮች የሚጫወቱ ልጆችን ስታነሳ ላይካ ካሜራዋ ላይ ወደ ጎን የሚያሳይ መመልከቻ ትገጥም ነበር፤ ፊቷ ወደ አንድ በኩል፣ ሌንሱ ወደ ሌላ። ከእሷ በፊት ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ገደማ ካሜራው ጎን ላይ የውሸት ሌንስ አድርጎ ሰዎችን ሳያውቁት አንስቷል። ዎከር ኢቫንስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ካሜራውን ኮቱ ሥር ደብቆ፣ መተኮሻ ገመዱን በእጅጌው አሳልፎ፣ የምድር ባቡር ተሳፋሪዎችን ፊት ሰብስቧል። ሥራዎቻቸውን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ዘዴውን ግን ለፒያሳ አልመኝልሽም። ወደ ሌላ የምታዪ መስለሽ ያነሳሽው ሰው የነቃ ቀን የተሰረቀ ያህል ይሰማዋል፤ እውነትም አለው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጀበና ቡና የሚሸጥበት ጥግ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ካሜራውን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ እስክሪኑን ከፍቼ ወደ ላይ አዞረዋለሁ። ካሜራው ለሁሉም ይታያል። የኔም ፊት ይታያል። የሚያልፈው ሰው ሰላም ሲለኝ ሰላም እላለሁ፤ ቡና የምትቀዳው ልጅ ታወራኛለች፣ እመልስላታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ካሜራውን ልብ የሚለው የለም፣ ሊስትሮው ብሩሹን ያነሳል፣ አዛውንቱ ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ፣ እኔም በዓይናቸው ቁመት ትክክል ተቀምጫለሁ። ካሜራውን ፊትሽ ላይ ስትደቅኚ እኮ ሰው የሚያየው ጥቁር ሣጥን ነው፤ የሚኮማተረውም ለዚያ ነው። ካነሳሁ በኋላ ፎቶውን አሳያለሁ። "አጥፊው" ካሉኝ አጠፋለሁ።

አንድ ነገር ግን እጅሽ እስኪለምደው ያስቸግርሻል። እስክሪኑ ከሌንሱ በስተግራ ወጥቶ ስለሚቆም መሐል ያደረግሽው ሰው ወደ ጎን ይሸሽብሻል። ደግሞ የአዲስ አበባን ፀሐይ ታውቂያታለሽ፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን እስክሪን ላይ የሚታይሽ የራስሽ ግንባር ብቻ ነው። ፀሐዩን ለጀርባሽ ስጪው፣ ገላሽ ጭንሽ ላይ ጥላ ይጥላል፣ ፊት ለፊትሽ ያለውም ሰው ብርሃን ያገኛል። ካልበቃ የነጠላሽን ጠርዝ ዘርጊበት። እህትሽ ቦታ ካላት የሚታጠፍ የእስክሪን ጥላ ታምጣልሽ፤ ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም። የመተኮሻውን ድምፅ የሚቀንሰውንም ምርጫ ክፈቺ፣ ኤስ የሚል ምልክት አለው።

ሕጉንም አትርሺ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ የተደረገን ሥነ ሥርዓት የመሳሰሉትን ለይቶ ያወጣል። ስለዚህ ጥምቀት ላይ ያነሳሽውና ቡና ሲጠጣ ያነሳሽው ሰው እኩል አይደሉም።

ወደ ራስሽ ፎቶ ልምጣ። እዚህ ላይ የምለምንሽ እስክሪኑን እንድትዘጊው ነው። ወደ ፊት ስታዞሪው ራስሽን እንደ መስተዋት ያሳይሻል፣ ዓይንሽም ሌንሱን ትቶ ወደዚያ ይሄዳል። ፎቶው ሲወጣ ከተመልካቹ ትከሻ አጠገብ ያለ ነገር የምታዪ ትመስያለሽ። ከዚያም በላይ ፊትሽን ማስተካከል ትጀምሪያለሽ፣ ሁላችንም መስተዋት ፊት የምናደርገው ነው፤ ለዚያ ቦታ ያሰብሽው ፊት ግን እሱ አይመስለኝም። ሞኒተር ብትጨምሪበት ያው ነው፣ ገመድና ባትሪ ተሸክመሽ መንገደኛ ትሰበስቢያለሽ።

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። በምትቆሚበት ቦታ ቦርሳሽን ወይ ፈቃደኛ የሆነ ልጅ አቁሚና ፎከስ አድርጊ፣ ከዚያ ሌንሱ ላይ ያለውን ቁልፍ ወደ ኤምኤፍ፣ ማለትም በእጅ ወደሚስተካከለው፣ መልሺው፤ ፎከሱ ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። አሁን ደግሞ የካሜራሽን ማንገቻ ተመልከቺ። አንዲት ትንሽ ጥቁር ጎማ ተሰክታበታለች፣ ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። የቪውፋይንደሩን የዓይን ጎማ አውልቀሽ በምትኩ እሷን ታስገቢያለሽ። ዓይንሽ እዚያ ከሌለ ከኋላ የሚገባው ብርሃን መለኪያውን ያሳስተዋል፣ ካሜራውም ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። ለራስሽ ፎቶ የሚያስፈልግሽ የመመልከቻ ዕቃ እሷው ናት፤ አለችሽ፣ አትገዢያትም።

የሚገዛው ሪሞት ነው። ለእህትሽ የካኖን ቢአር-ኢ1 በያት፤ ከ800ዲ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል፣ እስከ 5 ሜትር ይሠራል፣ ወደ ካሜራው ማነጣጠር አይጠይቅም። ሁለት ሰከንድ የሚያቆየውን ምረጪና እጅሽን አውርጂ። ከ5 ሜትር በላይ ለምትርቂበት የአሥር ሰከንዱ ታይመር ይበቃል፣ ትሮጫለሽ። ትራይፖድ ከመትከልሽ በፊት እዚያ የሚቆመውን ጥበቃ ሄደሽ አናግሪው፤ ካልፈቀደልሽ ምስር የሞላ ትንሽ ከረጢት ግንብ ላይ አድርገሽ ካሜራውን አሳርፊበት።

የወርቅ ቤቶቹን መስተዋትም ሞክሪ። ፎቶ አንሺዋ ቪቪያን ማየር ከላይ ቁልቁል የሚታይበትን ሮሊፍሌክስ ካሜራዋን ወገቧ ላይ ይዛ በመስተዋትና በሱቅ መስኮት ራሷን ያነሳቻቸው ፎቶዎች ከማውቃቸው የራስ ፎቶዎች ሁሉ ይበልጡብኛል። ብቻ ፎከሱን መስተዋቱ ላይ አታድርጊ፤ ምስልሽ ያለው ከመስተዋቱ ወዲያ ነው፣ ከሌንሱ እስከ መስተዋቱና ከመስተዋቱ እስከ አንቺ ያለው ርቀት ይደመራል።

ፒያሳን ስትመጪ አታውቂያትም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ለሥራሽ ይመቻል፣ ሰፈራችሁ ግን የለም። የቤታችሁን ቦታ በትክክል መለየት አልቻልኩም፣ እኔ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ዞሬ ፈልጌያለሁ። እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶ አሁንም እጃችሁ ላይ ካለ ይዘሽው ነይ። ከኋላቸው የጊዮርጊስ ጉልላት ይታይ ነበር፤ በየትኛው በኩልና ምን ያህል ትልቅ ሆኖ እንደሚታይ ካየን አንሺው የቆመበትን እናገኛለን፣ ካሜራሽን እዚያው እናሳርፋለን።

እህትሽ የምትመጣበትን ቀን ጻፊልኝ። ለእትዬ አልማዝ ጉልበታቸውን ስሜልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ፣
ሂሩት