ራልፍም አጥንቱን ይዞ ነበር

ውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትናንት ድርሰት ስለምትጽፊበት ልብ ወለድ ስናወራ «ጃክን ጠላሁት» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተቋረጠ።

ጃክን መጥላትማ አይከብድም። ዊሊያም ጎልዲንግ ይህንን ያለ አዋቂ ደሴት ላይ ስለቀሩ ወንድ ልጆች የሚተርክ «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ»ን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያሳትም ወንድ ልጆችን የሚያስተምር መምህር ነበር፤ የጃክን ዓይነት ልጅ ሳያውቅ አይቀርም። እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ራልፍ ነው።

እስቲ ልጆቹ አለቃ የመረጡበትን የመጀመሪያውን ምርጫ መለስ ብለሽ እዪው። ጃክ «አለቃ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ» ሲል ማስረጃው ምንድን ነው? የመዘምራን አለቃ መሆኑና «ሲ ሻርፕ» የምትባለውን የዜማ ኖታ መዝፈን መቻሉ! ራልፍስ? መልኩ ያምራል፣ ልጆቹን ለመሰብሰብ ዛጎሉን እንደ መለከት የነፋውም እሱ ነው። ጭንቅላት ያለው ፒጊ ነበር። ግን ወፍራም ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ አስም አለበት፤ ማን ይመርጠዋል? እሱ ራሱ እንኳን እጁን ያወጣው ለራልፍ ነው፣ ያውም እያቅማማ።

ጃክ ሲሸነፍ ፊቱ ቀላ። ራልፍን ይሉኝታ ያዘው፤ «መዘምራኑ ያንተው ናቸው» አለው። ጃክም «አሳማ አዳኞች ይሁኑ» አለ። ቢላውም ያለው እሱ ጋ ነው። አየሽ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ደሴቱ ላይ ሁለት አለቃ ተሾመ።

ምዕራፍ 8 ላይ ጃክ በተራው እጅ አስወጣ። «ራልፍ አለቃ አይሁን የምትሉ?» አንድም እጅ አልወጣም። እንባው መጣ፣ «ከእናንተ ጋር አልጫወትም» ብሎ ሄደ። ያ ሁሉ ጉድ የመጣው እንግዲህ ከኩርፊያ ነው። ትልልቆቹ ልጆች ግን ቆይተው አንድ በአንድ ወደ ጃክ ሹልክ አሉ። ፊት ለፊት እጅ ማውጣት አፍረው ነው እንጂ ልባቸውማ ቀድሞ ሸፍቷል።

ከዚያ ጃክ አሳማ አድኖ የደገሰው የሥጋ ድግስ መጣ። ራልፍና ፒጊም ሄደው በሉ፤ ርቧቸዋል፣ ምን ያድርጉ። ጃክ «አበላኋችሁ፤ ከእኔ ወገን የሚሆን ማነው?» አለ። ራልፍ ተነሳ። «የመረጣችሁት እኔን ነው! መርከብ አይቶን እንዲያድነን እሳቱን እንጠብቅ ተባብለን አልነበር? አሁን ምግብ ታሳድዳላችሁ!» ጃክ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አንተስ? እጅህ ላይ ያለውን አጥንት እየው እስቲ!» የራልፍ ፊት በርበሬ መሰለ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማው?

መምህርሽ «ራልፍ ዴሞክራሲ፣ ጃክ አምባገነን» የሚል ድርሰት ከፈለገ ጻፊለትና ማርክሽን ውሰጂ። አጥንቷን ግን እንዳትዘነጊያት።

መጨረሻ ላይ ልጆቹን ያገኛቸው የባሕር ኃይል መኮንን «አለቃችሁ ማነው?» ሲል ራልፍ ጮክ ብሎ «እኔ» አለ። ጃክ ወደፊት ሊራመድ ብሎ ተወው። ሲሞን የሚባለው ልጅና ፒጊ በልጆቹ እጅ ሞተው፣ ደሴቱ እየነደደ «እኔ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። እኔ እንጃ፣ አንቺ ብትሆኚ ትዪ ነበር?

አባትሽ ደግሞ «ጃክ ቢያንስ ልጆቹን አብልቷል» እያለ ይሟገተኛል። ድርሰቱን ስትልኪ ለእሱም መልስ ጨምሪበት፤ እኔ ደክሞኛል።

እናትሽ