"ባዮ" የተባለውን ፌስታል ማን ነው የሚፈትሸው? ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣

እንደምን ከረማችሁ። ደብረ ማርቆስ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ፣ ስኳር ጨው ምስር ዘይት ምናምን ነው የምሸጠው። ፌስታል ይከልከል አይከልከል ብዬ ልከራከር አልመጣሁም፣ እሱ ያለቀ ነገር ነው፣ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል፣ ይዞ የተገኘ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል ተብሏል፣ ይሁን። ከገበያ ማግስት የመንገዱን ቦይ ያየ፣ ታርዳ ከሆዷ የፌስታል ጥቅልል የወጣላትን ላም ያየ ሰው ምን ብሎ ይቃወማል። የኔ ጭንቀት በሱ ፋንታ እየመጣ ስላለው ነገር ነው።

በቅርቡ አንድ አከፋፋይ አረንጓዴ ፌስታል ይዞልኝ መጣ፣ ቅጠል ተስሎበታል፣ በትልቁ "ባዮ" ይላል፣ ከስታርች ነው የተሰራው፣ አፈር ላይ ብትጥይው በሁለት ወር ድራሹ ይጠፋል አለኝ፣ ዋጋው ከድሮው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ማን መረመረው ብለው "እህቴ፣ ተጽፎበታል እኮ" አለኝ። ተማሪ እያለን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አዮዲን ስታርች ሲነካ ይጠቁራል ብለው ያሳዩን ነገር ትዝ ሲለኝ ከፋርማሲ የቁስል አዮዲን ገዛሁና መጀመሪያ የተቆረጠ ድንች ላይ ጠብ አረግኩበት፣ ወዲያው ሰማያዊና ጥቁር ሆነ፤ ከፌስታሉ ደግሞ ቁራጭ ቆርጬ ውሃ ውስጥ አቆይቼ ጠብ ባረግበት አዮዲኑ ቡናማ እንደሆነ ቀረ፣ በጨርቅ ስጠርገው ወጣ። ጫፉን በክብሪት ሳያይዘው እየቀለጠ ጠብ ጠብ አለ፣ ሽታው የሻማ ነው። ላብራቶሪ የለኝም፣ ግን ደህና አድርጎ ስታርች ያለበት ነገር እንዲህ አይሆንም።

ለነገሩ ቢጠቁርስ? ተራ ላስቲክ ውስጥ ትንሽ ስታርች በዱቄት መልክ ጨምረው የሚሰሩት አለ፣ እሱን አዮዲኑ ሊያጠቁረው ይችላል፣ አፈር ውስጥ ግን ባክቴሪያው ስታርቹን ለይቶ ይበላና ላስቲኩ ብትንትን ብሎ ይቀራል። ሌላም አለ፣ ኦክሶ የሚሉት፣ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው እንዲፈረካከስ ኬሚካል የተጨመረበት፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከገበያ አስወጥቶታል፣ ምክንያቱም ደቀቀ እንጂ አልበሰበሰም፣ ጤፍ ማሳው ላይ እዚያው ነው ያለው። እኔን ከትልቁ ፌስታል ይልቅ ይሄ ደቃቁ ነው የሚያስፈራኝ፣ ትልቁ ቢያንስ ይለቀማል።

እውነተኛውም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። ስታርቹ ከበቆሎ ወይ ከድንች ወይ ከካሳቫ ይወጣል፣ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከግሊሰሪንና ከውሃ ጋር በሙቀት ይታሽና ጥንካሬ እንዲያገኝ ብዙ ጊዜ ፒቢኤቲ ከሚባል ፕላስቲክ ጋር ይደባለቃል፣ እሱ ደግሞ ባክቴሪያ ይበላዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው ከነዳጅ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 13432 የሚጠይቀው በ58 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ነው። 58 ዲግሪ! ማርቆስ ላይ! እኛ እኮ ጠዋት ጋቢ ሳንደርብ ከደጅ አንወጣም። በደንብ የተከመረና የሚገላበጥ ትልቅ የኮምፖስት ክምር እዚያ ሙቀት ይደርሳል፣ ቦይ ውስጥ የተጣለው ግን የት አግኝቶት፣ ጎርፍ ወስዶ አባይ የሚያስገባውም እንደዛው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር ሳያገኝ ተቀብሮ ቢበሰብስ ደግሞ ሚቴን የሚባለውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው የሚያወጣው። በዚያ ላይ ስታርች እርጥበት ይወዳል፣ የጎጃም ክረምት ላይ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ፌስታል ጥንካሬው እየላላ ይሄዳል፣ ጨው ይዞ መንገድ ላይ ቢቀደድ ደንበኛዬ የሚመጣው እናንተ ጋ አይደለም።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2011 ተራውን ፌስታል ከልክላ የሚበሰብሰውን ፈቅዳለች፣ እሺ፣ ግን እዚያ ሰው ዕቃውን ይዞበት ቤቱ ይገባና በዚያው ፌስታል የወጥ ቤት ቆሻሻውን ያጠራቅምበታል፣ ያንን ለብቻው ሰብስቦ ኮምፖስት ማድረጊያ የሚወስድ አካል ስላለ ነው ነገሩ የሄደው። እኛ ጋ የድንች ልጣጩም የባትሪ ድንጋዩም አንድ ጋሪ ላይ ነው የሚጫነው።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። "ባዮ" የሚል ጽሑፍ ያለ ምርመራ ወረቀት እንዳይታተም አድርጉ፣ የት እንደሚበሰብስም ይጻፍበት፣ በትልቅ ኮምፖስት ማዘጋጃ ነው፣ በጓሮ ነው፣ አፈር ውስጥ ነው፣ ሦስቱ ይለያያሉ። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 እኮ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት እንዳይገባ ብሎ ነበር፣ ይበሰብሳል አይበሰብስም የሚለው ይጻፍበትም ብሎ ነበር፣ ያንን ሁሉ ዓመት ግን ስሱ ፌስታል ከየሱቁ ጠፍቶ አያውቅም፣ የኔንም ጨምሮ። ደግሞ ግልጽ አድርጉልን፦ "ባዮ" ተብሎ የተሸጠልኝ ፌስታል ላስቲክ ሆኖ ቢገኝ ቅጣቱ እኔ ላይ ነው ወይስ የሸጠልኝ ላይ?

ለገበያ ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ ይበቃናል፣ የስታርቹን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ትርፍራፊያቸውን እንዲያወጡበት ስጧቸው፣ ከጎኑ ግን ኮምፖስት የሚሰራ ማኅበር ይኑር። ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ በቆሎው አለ፣ እዚሁ እናምርተው የሚል አይጠፋም፣ እኔ የበቆሎን ዋጋ እያየሁ ይሄ ብዙም አይጥመኝም፣ ለገበያ የማይሆነው ድንች ካልሆነ በቀር።

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ችግኝ ጣቢያ ነው። አዊ ሂዱ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የተተከለበትን ዳገት እዩት፣ የችግኝ ጥቁር ላስቲክ ሲተከል ይቀደድና እዚያው ይጣላል፣ በየክረምቱ። እዚህ ጋ ነው አፈር ውስጥ የሚበሰብስ መያዣ የሚያስፈልገው፣ ግን ኮምፖስት ውስጥ የሚበሰብስ ሁሉ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል ማለት ስላልሆነ መለኪያውም ሌላ ነው፣ አውሮፓዎች መሬት ላይ ለሚነጠፍ የእርሻ ላስቲክ ኢኤን 17033 የሚባል ለብቻው አውጥተዋል፣ እናንተም ለኛ ብርድና ለኛ አፈር የሚሆነውን አንድ ሁለት ጣቢያ ላይ ሞክራችሁ ብታዩት ምን አለበት።

ተፈትሾ ያለፈውን ፌስታል ዝርዝር ከነአምራቹ ስታወጡ በደብዳቤ ለወረዳ ብቻ አትላኩት፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ቴሌግራም ላይ ከነፎቶው ልቀቁት፣ እኛ ባለሱቆች የዋጋ ዝርዝር የምናየው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ