ደህና ነኝ አትበያቸው

ልጄ፣

እህትሽ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። አትቆጫት፣ አውጣጥቼ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ልትወስድሽ ትምህርት ቤት ስትመጣ የመምህራን ክፍል ወለል ላይ ተንጋለሽ፣ እግርሽን ወንበር ላይ ሰቅለሽ አገኘችሽ። ምን ሆነሽ ነው ስትልሽ ብድግ ብለሽ ቀሚስሽን አራገፍሽና «ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው» አልሻት።

ያቺን «ደህና ነኝ» አውቃታለሁ። ከእኔ ነው የወረስሻት።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ልጆቹ ይጮሃሉ፣ አንቺም «እሺ እማዬ፣ በኋላ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ልጆቹ ሲተኙ አንብቢው። ቁጭ ብለሽ ሳይሆን ጋደም ብለሽ።

ጠዋት ስትነሺ ምንም የለሽም አሉ። ቆመሽ ስታስተምሪ ትውዪና ከሰዓት በኋላ ከእምብርትሽ በታች ይከብድሻል፣ የሆነ ነገር ቁልቁል እንደሚጎትትሽ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ይብሳል። ጋደም ስትይ ይቀልልሻል። ሁለተኛዋን ከወለድሽ ጀምሮ ነው፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ለእህትሽ ያልነገርሻትን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ከባልሽ ጋር ከተኛሽ በኋላ ለሰዓታት ይጠዘጥዝሻል? እናት ይህን ትጠይቃለች ወይ ትይኛለሽ። እኔን ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የምጠይቅሽ።

ሐኪም አይደለሁም። ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ሽፋን የመሰለው ከማህፀን ውጭ ሲበቅል) ሊሆን ይችላል፣ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ሊሆን ይችላል፣ የፊኛ ነገርም ሊሆን ይችላል። እሱን እነሱ ይለዩት። ግን አንቺ ካላነሳሽው ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ የዳሌ ውስጥ ቫሪኮስ። እግር ላይ ተጠማዞ የሚያብጥ ደም ሥር አይተሽ የለም? እሱ ራሱ ነው፣ በማህፀንና በኦቫሪ (በእንቁላል ማምረቻው) ዙሪያ ሲሆን። ስለማይታይ ማንም አያምንሽም።

ደም ከታች ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። መላሾቹ ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና ከኋላው ይዘጋሉ። ስናረግዝ የሰውነታችን ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ሆርሞኑም የሥሩን ግድግዳ ያላላዋል። ሥሩ ሲሰፋ በሮቹ አይገጥሙም፣ ደሙ ተመልሶ ይወርድና እዚያው ይጠራቀማል። ከወለደች በኋላ ወደ ቦታው የሚመለስላት አለች፣ እንደሰፋ የሚቀርባትም አለች። ደጋግመው የወለዱት ላይ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ የግራው ይብሳል። የቀኙ የኦቫሪ ሥር በቀጥታ ትልቁ ሥር ውስጥ ሲገባ፣ የግራው ግን መጀመሪያ የግራ ኩላሊት ሥር ውስጥ ነው የሚፈሰው። ያ የኩላሊት ሥር ደግሞ በሁለት ደም ወሳጆች መሃል ሲያልፍ አንዳንድ ሰው ላይ ይጨፈለቃል። ይህን ያስረዳችኝ ዶክተር ወረቀት ላይ ሥዕሉን ስላልኝ ነው። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ሰማያዊዋን በርጩማ ታስታውሻታለሽ? ልብስ ስተኩስ አንድ እግሬን እሷ ላይ ሰቅዬ፣ ሆዴን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭኜ እቆም ነበር። አንቺ ከኋላዬ መጥተሽ እንደኔ አንድ እግርሽን ትሰቅያለሽ፣ በባዶ እጅሽ ትተኩሻለሽ። እንስቅብሽ ነበር። የእማማ አቋቋም ነው የምንለው። አቋቋም አልነበረም፣ ህመም ነበር። ታናሽ ወንድምሽን ከወለድኩ ጀምሮ 11 ዓመት እንደዚያ ቆምኩ።

ሐኪም ቤት አልሄድሽም ወይ ትይኛለሽ። ሄጃለሁ። ሁልጊዜ በጠዋት፣ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ፣ ያበጠው ሁሉ ሌሊቱን ተኝቼ ጎድሎ ባደረበት ሰዓት። ዶክተሩ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» እላለሁ። ሰላምታ መስሎኝ እኮ ነው! እሱ ግን ጻፈው። አስተኝቶ በአልትራሳውንድ አየኝ፣ ምንም የለም። በሌላ ጊዜ ሆዴን በጋዝ ነፍተው በካሜራ አዩ፣ ምንም የለም። ተኝተሽ፣ በዚያ ላይ ጋዙ ሲጫነው ሥሩ ባዶ ይሆናል፤ ይህን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አባትሽ ደስ አለው። እኔ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ጭንቀት ነው ተባልኩ። የጭንቀት መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ዋጥኩት።

ስለዚህ ደህና ነኝ አትበያቸው። የት እንደሚያምሽ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጀምርሽ፣ ምን እንደሚያስታግስልሽ ንገሪያቸው። ከአሁን ጀምሮ ለሁለት ወር የወር አበባሽን እየቆጠርሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ስልክሽ ላይ አትጻፊ፣ ልጆቹ ያጠፉብሻል። ቀጠሮውን ግን ሁለት ወር አትጠብቂ፣ አሁን ያዢ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ስታስተምሪ ውለሽ። የደሙን አካሄድ የሚያሳይ ዶፕለር ያለው አልትራሳውንድ ጠይቂ፣ «ቆሜም ታዩኛላችሁ?» በያቸው። አትፈሪ፣ ድፍረት አይደለም።

እኔን ያዳነችኝ ዶክተር «እስኪ ቁሚልኝ» አለችኝ። ቆምኩ። «አሁን እንደ ምጥ ግፊ» አለች። ስገፋ ስክሪኑ ላይ ጥቁር የነበረው ቦታ ሁሉ በቀይና በሰማያዊ ተሞላ። እንደ ትል የተጠማዘዘ ነገር፣ አንዱ ባንዱ ላይ። እሷ ዝም ብላ አየችውና «ይሄን ይዘሽ ነው የምትቆሚው?» አለችኝ። የማይታየውን ሰው አየልኝ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ኤምአርአይ ታየሁ፣ ከዚያ ሕክምናው። ኢምቦላይዜሽን ይባላል። በቀዶ ጥገና አይደለም። አንገቴ ላይ ባለው ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በራጅ እያዩ እስከ ኦቫሪዬ ሥር ወረዱ። ከዚያ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ የመሰለች ጥምዝ ብረት እያስቀመጡ የተበላሸውን ሥር ዘጉት። ደሙ በደህናዎቹ ሥሮች መንገድ ያገኛል። ነቅቼ ነበር፣ የዚያኑ ቀን ቤቴ ገባሁ። ጥቂት ቀን እንደ ወር አበባ ቁርጠት አመመኝ፣ ትንሽ ትኩሳትም ነበረኝ። ከዚያ እየቀለለኝ ሄደ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ አልዋሽሽም። ግን እግሬን ሰቅዬ መተኮስ ተውኩ፣ በርጩማዋም አበባ ማስቀመጫ ሆነች። ሁሉም እንደኔ አይቀናውም። ለአንዳንዷ በሆርሞን መድኃኒት ይሞከርላታል፤ እሱ እስከተወሰደ ድረስ ነው የሚሠራው። ሥሩ ከላይ የተጨፈለቀባት ደግሞ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል።

ያኔ አንገቴ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስመጣ ምንድነው ስትሉኝ «ብጉር ነው» አልኳችሁ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ብትሰሚው ይገባሽ ነበር።

ይባስ ብሎ ሁለተኛዋን አርግዘሽ ስድስተኛ ወርሽ ላይ መታጠቢያ ቤት ጠራሽኝ። ብልትሽ አካባቢና ጭንሽ ላይ ሥሩ አብጦ፣ እንደ ወይን ዘለላ። «እማዬ ይሄ ምንድነው?» አልሽኝ። እኔ፣ ሁሉን የማውቀው፣ «ስትወልጂ ይሄዳል፣ ለማንም አታሳዪ» አልኩሽ። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ይሄዳል፤ ያንቺም ሄደ። ግን ለማንም አታሳዪ ለምን አልኩሽ? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አፍሬ ነው። ለአዋላጇ ነግረሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሕክምና ወረቀትሽ ላይ ተጽፎ ነበር። ይቅር በይኝ፣ የኔ እመቤት።

አሁን ስሚኝ። ቀጠሮው እስኪደርስ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆመሽ አታስተምሪ፣ ወንበር አስገቢ። በመሃል ተራመጂ፣ የባት ጡንቻሽ ደሙን ይገፋዋል። ውኃ ጠጪ፣ ድርቀት እንዳይዝሽ። ትልቋን አታዝያት፣ በእግሯ ትሂድ። አይቡፕሮፌን ከወሰድሽ ምግብ በልተሽ ይሁን፤ ጡት እያጠባሽ ከሆነ ወይም የወር አበባሽ ከዘገየ፣ ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰድሽ በፊት ንገሪያቸው። አንድ እግርሽ ድንገት ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ይህን ለባልሽም አንብቢለት።

ሥሩ ሰፍቶ ቢገኝም ቶሎ አትደምድሚ። ሥራቸው ሰፍቶ ምንም የማያማቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ሌላውን ሁሉ ይመልከቱልሽ። ማህፀኑ ይውጣ የሚልሽ ካለ ግን ሌላ ሐኪም ሳታማክሪ እሺ እንዳትይ። የሥር መስፋት ካንሰር አይደለም፣ ሌሊት እሱን እያሰብሽ እንዳታድሪ።

ባልሽ አብሮሽ ይግባ፣ ውጭ አይጠብቅ። አባትሽ ውጭ ነበር የሚጠብቀኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግባ ያለው ስላልነበረ ነው። ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

ነገ ማታ እደውላለሁ። እንዴት ነሽ ስልሽ ደህና ነኝ ካልሽኝ እዘጋውና መልሼ እደውላለሁ።

እናትሽ