ስለዚያ ክንፍ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ፣ «አባዬ፣ የድሮ የአሜሪካ መኪኖች ከኋላቸው ያወጡት ክንፍ እኮ ምንም ሥራ የለውም፤ ውሸት ነው» ያልሽኝ ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። የመኪና ንድፍ ለመማር ዲትሮይት ድረስ ሄደሻልና ጥያቄው ይገባሻል፤ መልሴ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አንድ አዛውንት የ1957 ሸቭሮሌ ቤል ኤራቸውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ማደያ ቤንዚን እንዳስሞላላቸው ጠየቁኝ። ማደያው ጋ ደርሼ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞርኳት፤ የቤንዚን መሙያው የለም። ግራ ጎኗን፣ ቀኝ ጎኗን፣ ከሰሌዳዋ ጀርባ ሳይቀር ፈለግኩ። አዛውንቱ ቀስ ብለው ተከትለውኝ ኖሮ፣ ምንም ሳይናገሩ በግራው ክንፍ ጫፍ ላይ ቁልቁል የወረደውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት እንደ በር ተከፈተ፤ መሙያው እዚያ ውስጥ ነበር። የጌጡ ጠርዝ ከላሜራው ጋር እንዴት እንደ ገጠመ፣ ሲዘጋም መስመሩ ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚቀጥል ደጋግሜ ከፍቼ ዘግቼ አየሁ። እርሳቸውም አልከለከሉኝም። መኪና ማየት የጀመርኩት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ በኋላ እንዳነበብኩት፣ የሸቭሮሌና የካዲላክ ሠሪ የሆነው የጄኔራል ሞተርስ ኃላፊዎች ለ1957 ከመሠረቱ አዲስ ሸቭሮሌ ይፈልጉ ነበር፤ ሥራው ስለ ዘገየ ግን በ1955 የወጣው አካል ለሦስተኛ ዓመት እንዲቆይ ግድ ሆነ። ስለዚህ ዋና መሐንዲሱ ኤድ ኮልና ነዳፊዎቹ የያዙትን አካል ሳይለቁ አዲስ ፊት ሊሰጡት ተነሡ። የ15 ኢንቹን ጎማ በ14 ኢንች ተክተው መኪናዋን ወደ መሬት አወረዷት፤ ከፊት ስትታይ ሰፋ እንድትል ፍርግርጓን ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት፤ የአየር ማስገቢያውን ወደ ፊት መብራቶቹ ወስደው ያን ሁሉም የሚያውቀውን የመብራት ቅንድብ ፈጠሩላት፤ ከኋላም የፓራፋንጎውን ጠርዝ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ክንፍ አወጡላት። ርዝመቷ ከቀዳሚዋ የጨመረው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ በጎኗ ቆሞ ለሚያያት ሰው አንድ ክንድ የረዘመች ትመስላለች። እንግዲህ ልጄ፣ ክንፉ ሥራ አለው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በነፋስ ላይ ሳይሆን በዓይን ላይ ነው።

መነሻውም ከውሸት አይደለም። በ1941 የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ ሃርሊ ኧርል ነዳፊዎቹን ይዞ በዲትሮይት አቅራቢያ ወዳለ የጦር አየር ማረፊያ ሄዶ፣ ሁለት ጭራ ያለውን የሎክሂድ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን አሳያቸው። ቀጥሎ አገሪቱ ወደ ጦርነቱ ገባችና ከ1942 መጀመሪያ አንሥቶ ፋብሪካዎቹ ለሕዝብ መኪና መሥራታቸውን አቆሙ። በዓይናቸው የቀረው የዚያ አውሮፕላን ጭራ በ1948 ካዲላክ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ወጣ። ኧርል በሎስ አንጀለስ በአባቱ ወርክሾፕ ለፊልም ተዋንያን የመኪና አካል ሲሠራ ያደገ ሰው ነበር፤ በ1927 ኩባንያው ባቋቋመለት የኪነ ጥበብና የቀለም ክፍልም የመኪናን ቅርጽ በጭቃ አድቦልቡሎ የመሥራትን ልማድ አጸና። አንቺ ዛሬ በትምህርት ቤትሽ የምትፍቂው ጭቃ የዚያ ልማድ ተከታይ ስለሆነ፣ እጅሽን ስትታጠቢ አስቢው።

ክንፉ ልክ ያጣበት ጊዜ መኖሩን አልክድሽም። በነሐሴ 1956 ቸክ ጆርዳን የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ወጣት ነዳፊ፣ በተፎካካሪው በክራይስለር ኩባንያ፣ በቨርጂል ኤክስነር መሪነት የተነደፉትን የ1957 ፕሊመዝ መኪኖች ገና ለገበያ ሳይቀርቡ በፋብሪካቸው አጥር በኩል አያቸው፤ የእነርሱ ዝርግነትና ስለት የመሰለ ክንፍ መሥሪያ ቤቱን ስላስደነገጠ የ1959 ንድፎች እንደገና ተጀመሩ። የዚያ ዓመት ካዲላክ 5.7 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ እጅግ ከፍ ያለ ክንፍና እንደ ጥይት የሾሉ መንታ መብራቶች ይዞ ወጣ። ብዙዎች የዘመኑ ቁንጮ ይሉታል። ለእኔ ግን እዚያ ላይ ክንፉ መኪናውን መሸከሙን ትቶ መኪናው ክንፉን መሸከም ጀምሯል፤ የቤል ኤር ክንፍ ከበሩ የተነሣውን መስመር ይጨርሳል እንጂ ለብቻው አይጮኽም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ላሜራ ለማሳመር የተጨነቀው ዘመን ከውስጥ ለተቀመጠው ሰው ያን ያህል አልተጨነቀም። መሪው የተተከለበት ዘንግ ግትር ብረት ስለነበረ በግጭት ጊዜ ወደ ሹፌሩ ደረት ይገባ ነበር፤ የመቀመጫ ቀበቶም አብሮ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። የፌዴራሉ የደኅንነት ሕግ የወጣው በ1966 ሲሆን፣ ቀበቶ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ1968 ጀምሮ ነው። አንድ ቀን የአንቺ ንድፍ መንገድ ላይ ሲወጣ መስመሩና ሹፌሩ እኩል የታሰበባቸው እንዲሆኑ እመኛለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። በየኦገስቱ ሦስተኛ ቅዳሜ የድሮ መኪኖች ከዲትሮይት በስተሰሜን በዉድዋርድ ጎዳና እየተግተለተሉ ያልፋሉ፤ ለአንቺ ቅርብ ነው። ሂጂና 1957 ቤል ኤር ፈልጊ፤ ባለቤቱን አስፈቅደሽ ከግራው ክንፍ ኋላ ቁጢጥ በይ፤ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከክንፉ ጫፍ እስከ ፊት መብራቱ ቅንድብ ድረስ ያለውን መስመር ተከተዪው። ከዚያ ጌጡን እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። በስልክሽ አታንሺው፤ በእርሳስ ንደፊውና በፖስታ ላኪልኝ፤ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ